ከብርሃን ይራቅ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ በዚህች ጠባብ ክፍል
ብልቃጥ ስደረድር፣ እንክብል ስከፍል፣
አንድ ትእዛዝ ነበር በየካርቶኑ ላይ፤
«ከብርሃን ይራቅ፤ አይጋለጥ ለፀሐይ።»
እኔም ታዛዥ ነበርኩ፤ ቡናማ ጠርሙሴን
ከመስኮት ስሸሽግ አጨለምኩት ራሴን፤
ደብረ ብርሃን አድሬ፣ ስሟን እየጠራሁ፣
ብርሃንን እንደ ሌባ በቀን እየፈራሁ።

በኅዳር መባቻ፣ ውርጭ ባቄላ ሲፈጅ፣
ወርቅያንሷት መጣች ከጠባሴ ደጅ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርድ ልብስ ፋብሪካ
ለሰው ሙቀት ስትሸምን፣ የራሷን ሳትለካ፣
የልጅነት ጉሮሮ፣ «ቶንሲል ነው» ተብሎ ያለፈ፣
የልቧን በር ሸርፎት፣ ምቱ ተዛነፈ።
አንዴ ይሮጣል፣
አንዴ ይረሳል፣
እንደ ተበላሸ መወርወሪያ፣ ክሩን መሃል ላይ ይበጥሳል።

«አንተ፣» አለችኝ፣ «ይሄ ክኒን ምን ጉድ ነው?
ልቤን ያዝልኝ ብዬ ብውጠው፣ ዓይኔን ያዘው።
ዛሬ ማለዳ በሬን ከፈት ሳደርግ፣
አመዳዩ ቢጫ፣
የጎረቤቴ ቆርቆሮ ቢጫ፣
ያማቼ ጥርስ ቢጫ፣
እሱስ ድሮም ቢጫ!»

ሳቀች። ሳቋ ግን አልደረሰም፤ ትንፋሿ ቀድሞ አለቀ።
ባንኮኒውን ተደገፈች።
ገባኝ፤ ዲጎክሲኑ በደሟ ውስጥ ተትረፍርፏል።
አንድ ቤት ብቻ ጥራ ሲሉት
ሰፈሩን ሁሉ እንደሚያንኳኳ ሰርግ ጠሪ ነው ክኒን፤
ለልብ ብለው ይልኩታል፣
ሆድ ይገባል፣ ዓይን ይገባል፣ ሕልም ይገባል፣
ልብ ዘንድ ሲደርስ ወይ ደክሞታል፣ ወይ ሰክሯል።

ደግፌ ወሰድኳት፤ ሐኪሟ አየቻት፤
መድኃኒቱን አቁማ አልጋ ላይ አስተኛቻት።
የልቧ ጽሑፍ በመሣሪያው ገጽ
እንደ መንዝ መንገድ ነው፤
ገደል፣ ደግሞ ሜዳ፣ ደግሞ ገደል።

ማታ ተለማማጁ ይትባረክ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ መጣ፣
እጁ ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት።
«ጋሼ፣» አለ፣ «የሚተኛ መድኃኒት እየሠሩ ነው።»
«የሚያስተኛ ነው የምትል?»
«አይ፤ ራሱ የሚተኛ።
ክንዱን አጣጥፎ በደም ውስጥ ይዞራል፤ ማንንም አይነካ።
ልብ ላይ ሰማያዊ ጨረር ሲያርፍበት ግን ይዘረጋል፣
የምቱን ልጓም ይጨብጣል።
ጨረሩን ሲቀይሩበት፣ እጁን ሰብስቦ መልሶ ይተኛል።»
«ለሰው?»
«ገና ነው። ደረቷ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ በሚታይ፣
ጥፍር በማታህል የዓሣ ጫጩት ላይ ነው የሚሞክሩት።»

ይትባረክ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ ከጠርሙስ ጋር።
የኛ ሰው ደረት መች ነው እንደ ብርጭቆ ነገር?
ቆዳ አለ፣ አጥንት አለ፣ ካፖርት አለ፣ ጋቢ፣
ከዚያ ወዲያ ደግሞ ማንም ያላየው ግቢ።
ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ፣ የከባድ መኪና መብራት
ክንድ ሳይሄድ ይሞታል፤
ስንት ክንድ ነው እስከ ልብ፣ በአንዲት ሴት ደረት?

በሳምንቱ ተመለሰች።
«ነጭ ነው፣» አለች ገና ከበር፤ «አመዳዩ ነጭ ነው።»
የሰማሁትን ነገርኳት፤
ስለሚተኛው፣ ብርሃን ሲነካው ስለሚነቃው።
የነጠላዋን ጥለት በሁለት ጣቷ እየመረመረች፣
እንከን እንደምትፈልግ፣ ዝም ብላ አዳመጠች።
«ደግ፣» አለች በመጨረሻ፤
«ብቻ መብራት ኃይል ያጠፋ ለት፣
ልቤን በኩራዝ ላምሽ?»

መልስ አልነበረኝም።
አዲሱን ክኒኗን ቆጠርኩላት፤ ግማሽ፣ በቀን አንዴ፣
በቡናማው ጠርሙስ።
እስከ በሩ ሸኘኋት።
ስመለስ መጋረጃውን ስንዝር ያህል ከፈትኩት፤
መድኃኒቱን ሳይሆን ወንበሬን
ወደዚያች ስንዝር አስጠጋሁ።